አንድ አፍ ለአንድ ሰው

እናትነሽ በመንደሩ በአፏ የምትታማ ሴት አልነበረችም። ሐሜት ላይ የለችም፣ እድር ላይ ድምጿ አይሰማም፤ ባሏ ውቤ እንኳ «አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ለማን አውርሰሽው ነው?» እያለ ሲቀልድባት ነው የኖረው። እንግዲህ በአንዲት ቃል መንደር ያመሰችው ይህችው ዝምተኛዋ ሴት ናት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ እውነቱን ነው።

ነገሩ የሆነው በጋምቤላ፣ ከአቦቦ ወዲያ ባለችው የሰፋሪዎች መንደር ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለጡረተኞችና ለአካል ጉዳተኞች የገንዘብ ድጋፍ ይዞ መጣ። ድጋፉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ» የምትለዋን ነገር ከጋምቤላ ከተማ የመጣው፣ ኮት የሚባለው መዝጋቢ ደጋግሞ ተናገራት፤ ሰው ለከርሞም ይመጣል ብሎ ዓይኑን መንገድ ላይ ተክሎ እንዳይቀር። ኮት ረጅም፣ ትሁት፣ አማርኛውን እየመረጠ የሚናገር ወጣት ነው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ማንጎ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ስም መጥራት ጀመረ።

እናትነሽ የመጣችው ለባሏ ነው። ውቤ በመንግሥት የጥጥ እርሻ ትራክተር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የጡረታዋ ብር መጀመሪያ ሰሞን ቤት ትይዝ ነበር፤ አሁን ብሯ ባለችበት ቆማ ገበያው ጥሏት ሄደ። በዚያ ላይ ካቻምና ስትሮክ የሚሉት ነገር ግራ ጎኑን መታውና ከአልጋ ወደ ወንበር በሰው ድጋፍ የሚሄድ ሰው ሆነ። የድጋፉ ብር ከመጣ ጋምቤላ ወስዳ ልታሳክመው፣ ቢያንስ ከቤት ደጅ በራሱ የሚወጣበትን ወንበር ልትገዛለት አስባለች። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አሁን የእነዚህን ሰዎች አመል ልንገራችሁ፤ ካለዚያ ነገሩ አይገባም። በሰባ ሰባት ከወሎ ተጭነው እዚህ ሙቀት ውስጥ ሲራገፉ ወባ ሰዉን እንደ ቅጠል አረገፈው። ራሽን የሚታደለው በስም ጥሪ ነበር። ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ ስንዴው ይቀራል። ትኩሳት የጣለው ሰው ከየት መጥቶ «አለሁ» ይበል? ጎረቤቱ «አለ!» ይልለታል። አንዷ ሴት ለአምስት ሰው ስትመልስ ካድሬው ያዛትና ሁሉም ራሽን ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ሰፋሪው ራሱ ሕግ አወጣ፦ አንድ አፍ ለአንድ ሰው። ለአንዱ ከመለስክ ለሌላው ዝም ትላለህ። ደግሞም ማንም ስለ ጎረቤቱ «የለም» አይልም። ይህን ክፉ ቃል ከአፉ አወጣ የተባለ ሰው በዚያ መንደር እስከዚያን ቀን አልተሰማም።

ኮት «ረድዋን ይመር!» ብሎ ጠራ።

ረድዋን የእናትነሽ የአጥር ጎረቤት ነው። ዓይነ ስውር ነው፤ ከውቤ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ የመጣ፣ ረመዳን ሲፈታ እሱ ቤት፣ ፋሲካ ሲሆን እነሱ ቤት ሲሳሳቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከሞተ ወር አልሞላውም። እናትነሽ አስከሬኑ ሲወጣ ደጁ ላይ ቆማ አልቅሳለች፤ ለቀባሪው ንፍሮ የቀቀለችው እሷ ናት። ይህን ስም ከሞተ በኋላ ማን እንዳልሰረዘው እንጃ።

«ረድዋን ይመር!» ኮት ደገመ።

ሰዉ ፀጥ አለ። ሙቀቱ ሰውን ያደነዝዛል። የኮት እጅ ወደ ወረቀቱ ወረደ፤ እናትነሽ ያንን እጅ አየችው፤ በወጣትነቷ ያየችውን የካድሬውን እጅ መሰላት። ለረድዋን ማዳበሪያም ይሁን ዘይት በተጠራ ቁጥር ስትመልስ የኖረችው እሷ ነበረችና አፏ እሷን ሳይጠይቅ ተከፈተ።

«አለ!»

ውይ! ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንድም ሰው አልደነገጠም። ይልቅ አጠገቧ ያለችው ሺታዬ፣ የሬሳውን ከፈን መግዣ መዋጮ ስትሰበስብ የነበረችው ሺታዬ፣ ራሷን ነቅንቃ «እሱ ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመጣል በዚህ ፀሐይ» አለች። እናትነሽ ለመናገር ምላሷን ስታነሳ ኮት ቀጣዩን ስም ጠራ።

«ውቤ ታረቀኝ!»

ባሏ ነው። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። አንድ አፍ ለአንድ ሰው፤ አፏን ለሙት ሰጥታዋለች። ወደ ሺታዬ ዞረች፤ ሺታዬ ባዶውን ሜዳ ታያለች። በክርኗ ጎሰመቻት፤ ሺታዬ አልተሰማትም። ኮት ትንሽ ጠብቆ «የለም» አለና ጻፈ።

በኋላ ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ «ልጄ፣ ባሌ ቤት ነው፤ መራመድ አቅቶት ነው» አለችው። ኮት አዝኖ «ማዘር፣ ዛሬ ያልተገኙትን አርብ እንጠራለን። በተወካይ የወሰዱትንም የዚያን ቀን ባለቤቶቹን እናያለን» አላትና የረድዋንን ፖስታ አስፈርሞ ሰጣት። እንዴት እንደተቀበለችው ራሷም አታውቅም።

ቤት ገብታ ለውቤ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «በሙት ስም በላተኛ! በእርጅናሽ ደግሞ ይህን ጀመርሽ?» አላት። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ፤ ለረድዋን ቀብር እንኳ መውጣት አቅቶት ቤት ውስጥ ያለቀሰ ሰው ነው። «ነገ መልሺላቸው» አለ።

በዚህ መሐል ሺታዬ ገባች። እናትነሽን ሳመቻት፤ ውቤን በወንበሩ ላይ አልፋው ሄዳ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ብቻሽን ምን ታወሪያለሽ እናትዬ?» አለች። «ሐዘኑ እንዲህ ካደረገሽ ሰው ዘንድ ወጣ በይ እንጂ።»

«ሺታዬ፣ እኔን ጅብ በላኝ እንዴ?» አለ ውቤ።

ሺታዬ አልሰማችም። «አይ ውቤ፣ ነፍሱን ይማረው። ደህና ሰው ነበር» አለች ወንበሩን እንደ ባዶ ነገር እያየች። «ለረድዋን ብሩን ሰጠሽው? ስመጣ ደጁ ላይ ተቀምጧል።»

 ውቤ ደህና እጁን ዘርግቶ የሺታዬን ክንድ ያዘ፤ ሺታዬ ቦታውን በነጠላዋ ጫፍ አራገፈች፣ ዝንብ ነው ብላ። እሷ ከወጣች በኋላ ባልና ሚስት ተያዩ። ውቤ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አላገኘም። «እናትነሽ፣ አንቺ ታይኛለሽ አይደል?» ብቻ አላት።

ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ስትደርስ፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ ሲጠፋ፣ እናትነሽ ፖስታውን ይዛ ወደ ረድዋን ቤት ሄደች። ከቀብሩ በኋላ ደጁ በእሾህ ተዘግቶ ነበር። እሾሁ የለም። ረድዋን ደጁ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይስባል። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ አገሩ ሁሉ አቧራ ነው። የረድዋን ጋቢ ላይ ግን እርጥብ አፈር ተለጥፏል፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ጥቁር አፈር። እናትነሽ ሽታውን ከሩቅ አወቀችው።

«እናትነሽ ነሽ?» አለ።

«ነኝ፣ ረድዋን።»

«አንቺ ነሽ "አለ" ያልሽው?»

«አፌ አመለጠኝ። በሞቴ፣ ይቅር በለኝ።»

«ምነው እቴ፣ ተኝቼ እኮ ነበር» አለ፤ ቁጣ የለበትም፣ ድካም ብቻ። «ደህና እንቅልፍ ነበር፣ ወላሂ። ሰው ከቀሰቀሱ አይቀር ዓይኑን አብርተው ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ፤ የጥንቱ የራሱ ሳቅ ነው። እናትነሽን ያስፈራት ከሁሉ በላይ ይሄ ሳቅ ነው፤ ሌላ ነገር ቢሆን አማትባ ትሮጥ ነበር፤ ረድዋን ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ፖስታውን እጁ ላይ አኖረችለት። ዳበሰውና ጥግ ላይ አስቀመጠው። «ምን ልግዛበት?» አለ። ቆየት ብሎ «ውቤስ?» ሲል ጠየቀ።

«ሰው አያየውም። ሞቷል ይሉኛል።»

የረድዋን ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። «ታዲያ እኔ የተቀመጥኩት የሱ ቦታ ላይ ነው ማለት ነዋ» አለ።

«ተነስልኝ! በአላህ፣ ተነስልኝ ረድዋን።»

«መነሳት ብችል ምን ገዶኝ? ያስቀመጠኝ አፍ ነው የሚያስነሳኝ» አለና መቁጠሪያውን መሳብ ቀጠለ።

የሞተ ተጎዳ ይላል ሰው። የተነሳውስ? የእሱን የሚናገር ተረት እስካሁን አልሰማሁም።

በቀጠሉት ቀናት ነገሩ ባሰ። ሰው በመንገድ እያስቆመ እናትነሽን ያጽናናታል። የእድሩ ሰዎች ድንኳን መቼ እንደሚመልሱ ተጠያየቁ፤ ማንም ያልጣለውን ድንኳን። ውቤ ደጅ ላይ ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ የሚዞርለት የለም። ፍየሎች ወንበሩን ይታከኩታል። ረድዋን ግን ሰላም ይባላል፤ ሕፃናት እጁን ይዘው መስጊድ ያደርሱታል፤ ሲመለሱ መዳፋቸውን በልብሳቸው ይጠርጋሉ።

እናትነሽን ያርበደበዳት ሌላ ነው። አንድ ቀን ምሳ አቀረበችና በላች። ስትጨርስ ውቤ ከወንበሩ ሆኖ ዝም ብሎ ያያታል።

«እኔ አልበላም?» አለ።

ለአንድ ሰው ነበር ያቀረበችው። ረስታው ነበር። ባሏን! ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው የኖረችውን፣ ወባ ይዟት ስታጣጥር አፏን በውሃ ሲያርስ ያደረውን ሰው! እግሩ ሥር ወድቃ ጉልበቱን አቅፋ አለቀሰች። ጉልበቱ ከእጇ በታች ቀሎባት ነበር፤ ያንን ግን አልነገረችውም። እስከ አርብ ከቆየች እሷም እንደ ሺታዬ ወንበሩን አልፋ እንደምትሄድ ገባት።

ተነስታ ወደ ወለተጊዮርጊስ ቤት ሮጠች። ወለተጊዮርጊስ ከሰፋሪው ሁሉ ትልቋ ናት፤ አልጋ ላይ ከዋለች ብዙ ዘመን ሆኗታል፣ ስም ሲጠራም አልነበረችም።

«እናትነሽ ናት? ነይ ግቢ። ውቤስ እንዴት ነው?» አለቻት።

ይህችን ጥያቄ ስትሰማ እናትነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ውቤን እንደ ሕያው የሚጠይቅ ሰው አገኘች። ሁሉንም ዘረገፈችላት። አሮጊቷ ሳታቋርጥ ሰማችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ያኔም ሆኗል» አለች። «በወባው ጊዜ ለሙት የመለሱ ነበሩ፤ ስንዴው ለልጆቹ እንዳይቀር ብለው። የተጠራው ይመጣል። ማን ልብ ይላል? ያኔ ሁላችንም ሙት ነበር የምንመስለው፤ ሕያው የትኛው ሙት የትኛው እንደሆነ ማን ይለይ? ግን አንድ ሙት በመጣ ቁጥር አንድ ደህና ሰው ይጎድል ነበር። አንድ አፍ ለአንድ ሰው ያልነው ካድሬውን ፈርተን ብቻ መስሎሻል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ስሙ ሲጠራ፣ በሰው ፊት፣ እሱም እየሰማሽ፣ ያቺን ቃል በያት።»

«የለም ልበል? በረድዋን ላይ?»

«አፉ ያንቺ ነው» አለች ወለተጊዮርጊስ። «እኔ አንድ ጊዜ ብያታለሁ። በእናቴ ላይ።» ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሌላ አልተናገረችም።

አርብ ዕለት እናትነሽ ባጃጅ ጠርታ ውቤን በአንገቷ አንጠልጥላ ጫነችው። ባለ ባጃጁ ባዶ እጇን አጥፋ ከአየር ጋር ስትታገል አይቶ አንገቱን ደፋ። ማንጎው ሥር ስትደርስ ወንበር ለምና ውቤን አስቀመጠችው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ «እብደት ጀመራት፣ ምስኪን» ተባለ። ከዛፉ ግንድ አጠገብ ረድዋን በዱላው ተደግፎ ተቀምጧል። ሰዎች ቦታ ለቀውለታል፤ ለምን ራቅ ብለው እንደተቀመጡ ግን ራሳቸውም አያውቁም።

ኮት በተወካይ ከወሰዱት ጀመረ።

«ረድዋን ይመር!»

ረድዋን ዝም አለ። ሙት ለራሱ አይመልስም። ሰዉ ሁሉ ወደ እናትነሽ ዞረ፤ ፈገግ ብለው ነው የሚጠብቋት፣ እንደ ሁልጊዜው «አለ» እንድትል። እሷ የምታየው ረድዋንን ነው። በሰፈራው የመጀመሪያ ክረምት የሞተ ልጇን አቅፎ የቀበረላት እሱ ነው፤ ያኔ ዓይኑ ያይ ነበር። አሁን ያ ሰው አገጩን በዱላው ላይ አስደግፎ ድምጿን ይጠብቃል። ከኋላዋ ደግሞ የውቤ ትንፋሽ አለ፤ ዞር ብላ ካየችው ላታገኘው እንደምትችል ፈራች፣ አልዞረችም።

«የለም» አለች።

ሜዳው ክው አለ። «ምን አልሽ አንቺ?» ብላ ሺታዬ ነጠላዋን ያዘቻት።

«ረድዋን የለም! ሞቷል! የቀበርነው እኛ ነን!» ብላ ጮኸች፤ በዕድሜዋ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም።

ረድዋን ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «አብሽሪ» አላት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ዱላውን እየተከለ ተነሳ። ውቤ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ እጁን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለው። ከዚያ በመጋዘኑ ጥግ ዞሮ ሄደ። ማንም የተከተለው የለም።

«ውቤ ታረቀኝ!» አለ ኮት፣ ግራ እንደተጋባ።

«አለ!» አለች እናትነሽ።

«አለሁ!» አለ ውቤ በተጣመመ አፉ።

«ውይ! ውቤ!» ሺታዬ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «መቼ መጣህ አንተ? ሰው እንኳ አይጠይቅም!» ሁሉም ከበቡት። እናትነሽ ትከሻውን ይዛ ክብደቱን ለካች፤ አጥንቱ፣ ሥጋው፣ ላቡ አለ። መሬት ላይ ተቀመጠች።

ኮት ሰዉ እስኪረጋ ጠብቆ መጣ። «ማዘር፣ ረድዋን ሞቷል ካሉ፣ ያን ቀን ለምን አለ አሉ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ትናንት ነው የሞተው ብትል ማን ይከራከራታል? ውሸት ግን ሌላ ቃል ነው፤ ሌላ ቃል ደግሞ ፈራች። «ያን ቀንም ሞቶ ነበር» አለችው።

ኮት ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። «በሞተ ሰው ስም የወሰደ ቤተሰብ ይሰረዛል። ሕጉ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሌላ ዙር ደግሞ የለም» አለ፤ ዓይኗን ማየት አቅቶት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ውቤን በዚያው ባጃጅ ጭና ስትሄድ ኮት እስከ መንገዱ ድረስ ደገፈላት።

ወንዶቹ ረድዋንን ቤቱ ድረስ ፈልገው ሄዱ። ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ አገኙት፤ ሞቷል፣ ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም። ፖስታው ጥግ ላይ ሳይከፈት ተቀምጧል። ያኔ መንደሩ እንደ አዲስ አለቀሰለት፤ እነሱ የሚያውቁት አንድ ሞት ነው፣ ይሄንኑ። ሬሳውን ካጠቡት አንዱ ግን ለቅሶ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ከጣቶቹ መካከል እርጥብ ጥቁር አፈር አጥበው አጥበው አልለቅ እንዳላቸው፣ ቆፋሪዎቹም አፈሩን ቀድሞ የተቆፈረ ያህል ልል ሆኖ እንዳገኙት።

ንፍሮ ስታዞር ሴቶቹ ከእናትነሽ እጅ አልወሰዱም። ማንም ሳያውቅ መሞቱን እሷ በምን አወቀች? ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው የሞተው ይላሉ። ሳህኑን እንደ ሞላ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ውቤ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። አላፊ አግዳሚው «እንደምን ዋልክ ውቤ» ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። ሳህኑን አይቶ ገባው፤ አንድ እፍኝ አንስቶ በላ።

«ትከሻዬን ሲይዘኝ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?» አላት።

«አትንገረኝ።»

«"ሲደክምህ እንድትተኛ የምትለቅህ ሚስት ናት፤ አደራህን አስምላት" አለኝ።»

እናትነሽ ሳህኑን አጠገቡ አኖረች።

«እኔም ቀኔ ሲደርስ ወረቀት ላይ እቀር ይሆናል። አንዱ ይመጣና ይጠራኛል» አለ ውቤ። «አፍሽ እንዳያመልጥሽ። የለም በዪ። ማዪልኝ።»

«ኧረ ተው!»

«ማዪልኝ እናትነሽ።»

ደህና እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ መዳፉ ሞቃት ነው። «እላለሁ፣ ሚካኤልን» አለችው። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ እንባዋ መጣ፤ ባሏ አጠገቧ በሕይወት ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ፣ ንፍሮውን እየበላ፣ የእሱን ሞት ያን ቀን አለቀሰችው።